ውሃ ሲቀንስ ፓምፑን ከመቀየር በፊት፦ በአዲስ አበባ ዳርቻ የጉድጓድ ውሃን ልክና ጥራት መከታተል

በገላን፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በሰበታ፣ በሱሉልታ ወይም በለገጣፎ የራሱ ጉድጓድ ባለው ግቢ ውሃ የቀነሰ ዕለት መጀመሪያ የሚጠረጠረው ፓምፑ ነው። ክሬን ይከራያል፣ ቧንቧው ይነቀላል፣ ፓምፑ ወጥቶ በአዲስ ይተካል። ከጥቂት ወራት በኋላ ያው ችግር ተመልሶ ሲመጣ ሻጩ ይወቀሳል። ውሃ የሚቀንሰው ግን ቢያንስ በሦስት የተለያዩ ምክንያቶች ነው። የአካባቢው የከርሰ ምድር ውሃ ወርዶ ሊሆን ይችላል። ውሃ ወደ ጉድጓዱ የሚገባበት ወንፊት ቱቦ፣ ስክሪኑ፣ ተደፍኖ ሊሆን ይችላል። ወይም እውነትም ፓምፑ ደክሞ አለዚያም ቧንቧው ተሸንቁሮ ይሆናል። ከላይ ሆኖ ለሚያይ ሰው ሦስቱም አንድ ናቸው፤ ሮቶው በጊዜው አይሞላም። መፍትሔያቸው ግን ለየቅል ነው፣ ወጪያቸውም እንዲሁ። መለየት የሚቻለው ጉድጓዱ ጤነኛ በነበረ ጊዜ የተወሰደ ልኬት ተጽፎ ከተቀመጠ ብቻ ነው።

ክትትል ስንል ውሃ ሲጠፋ ገመድ መጣል ወይም ሰው ሲታመም ላቦራቶሪ መሮጥ ማለታችን አይደለም። ከአንድ ቋሚ ነጥብ፣ በአንድ መሣሪያ፣ ጉድጓዱ በተመሳሳይ ሁኔታ ላይ እያለ በየወሩ ለክቶ መጻፍ ማለታችን ነው። አንድ ቁጥር ብቻውን ብዙም አይናገርም። የሁለት ዓመት ተከታታይ ቁጥር ግን ውሃው ከወቅቱ ጋር ብቻ ከፍና ዝቅ እያለ ነው ወይስ ከዓመት ዓመት እየሸሸ ነው የሚለውን ይለያል።

ከመሬቱ በታች ያለው

ከከተማው በስተ ሰሜን ያለው የእንጦጦ ሰንሰለት ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ በስተ ደቡብ አቃቂ ሲደረስ ከፍታው ወደ 2,100 ሜትር ገደማ ይወርዳል። የከርሰ ምድሩ ውሃም በጥቅሉ ይህንኑ ተዳፋት ተከትሎ ወደ ደቡብ ይሄዳል። ትልቁና ትንሹ አቃቂ ወንዞችም የከተማውን ፍሳሽ ይዘው በዚያው አቅጣጫ አባ ሳሙኤል ይገቡና ወደ አዋሽ ይቀጥላሉ። በደቡብ ዳርቻ ጉድጓድ ያለው ሰው እንግዲህ ከላይ ከከተማው የሚመጣውን ሁሉ ከሚቀበለው ወገን ነው።

የአካባቢው ዐለት ከእሳተ ገሞራ የተገኘ ነው። በአቃቂ ዙሪያ ቀዳዳ የበዛበት ባዛልትና ግንበኛው ሬድ አሽ የሚለው ድንጋይ ስላለ ውሃን በብዛት ይይዛል፣ በቀላሉም ያሳልፋል። የከተማው ትልቁ የጉድጓድ መስክ እዚያ የሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። በሌሎች ቦታዎች ግን ዐለቱ ድፍን ሆኖ ውሃው የሚገኘው በስንጥቆቹ ውስጥ ብቻ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ሁለት ጎን ለጎን ያሉ ጉድጓዶች አንዱ ሞልቶ ሌላው ደረቅ ሊሆን ይችላል፤ አንዱ ንጹሕ ሆኖ ሌላው ከሽንት ቤት ጋር በስንጥቅ ሊገናኝም ይችላል። የጎረቤት የላቦራቶሪ ውጤት ለእርስዎ ጉድጓድ ማስረጃ የማይሆነው ስለዚህ ነው።

ከላይ ያለው መረሬ አፈርም የራሱ ጠባይ አለው። እርጥብ ሲሆን ያብጥና ውሃ አያሳልፍም። በበጋ ግን ይሰነጠቃል፤ በሰኔ የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች ስንጥቁ ገና ሳይዘጋ በመሬት ላይ የተከማቸውን ቆሻሻ ሁሉ አጥበው በቀጥታ ወደ ታች ያወርዱታል። ጥልቀት የሌለው የእጅ ጉድጓድ በዓመቱ ውስጥ በጀርም ረገድ እጅግ የሚከፋበት ወቅት ይህ ነው።

ልኩን መለካት

መለካት ያለባቸው ልኮች ሁለት ናቸው። ፓምፑ ቆሞ ውሃው ሲረጋ ከጉድጓዱ አፍ እስከ ውሃው ያለው ጥልቀት ስታቲክ ይባላል። ፓምፑ እየሠራ ውሃው ወርዶ ሲረጋ የሚለካው ደግሞ ዳይናሚክ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ዝቅታው ነው። ከሦስቱ አንዱን ብቻ የያዘ መዝገብ በኋላ እንደምናየው ግማሽ መልስ ብቻ ይሰጣል።

ከመለካት በፊት የሚለካበት ነጥብ ይወሰናል። የጉድጓዱን ግድግዳ በሚይዘው ቱቦ፣ በኬሲንጉ፣ ጠርዝ ላይ አንድ ቦታ በብረት መጋዝ ይጫራል፤ ቀለም ብቻ ከሆነ በአንድ ክረምት ይለቃል። ከዚያ ነጥብ እስከ መሬቱ ያለው ቁመትም ተለክቶ ይጻፋል። ከነጥቡ እስከ ውሃው 24.38 ሜትር ቢሆንና ኬሲንጉ ከመሬት 0.45 ሜትር ከፍ ብሎ ቢወጣ ውሃው ከመሬት በታች በ23.93 ሜትር ላይ ነው ማለት ነው። የጉድጓዱ አፍ በኮንክሪት ሲታደስ ወይም ኬሲንጉ ሲቆረጥ አዲሱ ቁመት ካልተመዘገበ በግንባታ የመጣው ለውጥ የውሃ መውረድ ሆኖ ይነበባል። በመዝገቦች ውስጥ ድንገተኛ የግማሽ ሜትር ዝላይ ሲያዩ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ይኸው ነው።

በአካባቢያችን ትልቁ እንቅፋት መሣሪያ አይደለም፤ የሚለካበት ቀዳዳ አለመኖሩ ነው። አብዛኛው ጥልቅ ጉድጓድ አፉ በብረት ሳህን ተዘግቶ ቧንቧውና የኤሌክትሪክ ገመዱ ብቻ ይወጡበታል። ቀዳዳ ቢኖር እንኳ የመለኪያው ሽቦ ከፓምፑ ገመድ ጋር ተጠላልፎ ይቀራል። መፍትሔው ባለ አንድ ኢንች የፕላስቲክ ቱቦ ከፓምፑ ቧንቧ ጋር እያሰሩ እስከ ፓምፑ አናት ድረስ ማውረድ ነው። የቱቦው ታች ተደፍኖ የመጨረሻዎቹ ጥቂት ሜትሮች በትንንሽ ቀዳዳ ይበሳሉ፤ መለኪያው በዚያ ውስጥ በሰላም ይወርዳል። ጉድጓድ ለማስቆፈር ውል የሚፈራረም ሰው ይህን ቱቦ በውሉ ውስጥ ማስገባት አለበት። በቁፋሮው ጊዜ የቱቦው ዋጋ ከጠቅላላው ወጪ አንጻር ኢምንት ነው፤ በኋላ ግን ለብቻው ክሬን ያስጠራል። ለነባር ጉድጓድ ፓምፑ ለጥገና በወጣ ጊዜ አብሮ ማስገባት ነው።

ስታቲክ የሚለካው ጉድጓዱ አርፎ ሲያድር ነው። ማታ ፓምፑ ጠፍቶ ጠዋት 12 ሰዓት አካባቢ፣ ማንም ሳያስነሳው፣ ይለካል። አርፏል ወይ የሚለውን ለማወቅ በ15 ደቂቃ ልዩነት ሁለት ጊዜ ይለካል። ውሃው በመካከሉ ከ1 ወይም 2 ሳንቲ ሜትር በላይ ከወጣ ገና እየተመለሰ ነው። የጎረቤት ፓምፕ በዚያ ሰዓት እየሠራ ከሆነም በማስታወሻው ይጻፋል፤ የአንዱ ጉድጓድ የሌላውን ልክ ሊጎትት ይችላል።

ለጥልቅ ጉድጓድ የሚያገለግለው ዲፕ ሜትር ነው። በሜትር ምልክት የተደረገበት ሽቦ ጫፉ ላይ ሁለት የብረት ነጥቦች አሉት፤ ውሃ ሲነካቸው በመካከላቸው ኤሌክትሪክ ያልፍና ከላይ ያለው ጡሩንባ ይጮሃል። ሲጮህ ቀስ ብሎ እስኪያቆም ይሳባል፣ እንደገና እስኪጮህ ይወርዳል፤ በዚያች ቅጽበት ሽቦው በመጋዝ ከተጫረው ነጥብ ጋር በጥፍር ተይዞ እስከ ሳንቲ ሜትር ይነበባል። ይደገማል። ሁለቱ ንባቦች ከ1 ሳንቲ ሜትር በላይ ከተለያዩ ሦስተኛ ይወሰዳል።

የሚያሳስቱ ነገሮች ይታወቃሉ። በኬሲንጉ ግድግዳ ላይ ያለ ጤዛ መሣሪያውን ያለጊዜው ያስጮኸዋል፤ ድምፁ የተቆራረጠ ከሆነ ውሃው ገና ነው። ከላይኛው ስንጥቅ ወደ ጉድጓዱ የሚንጠባጠብ ውሃም እንዲሁ ያታልላል። ከሁሉም የከፋው ግን ተበጥሶ የተቀጠለ ሽቦ ነው፤ ሁለት ሜትር ተቆርጦ ወጥቶ ቢቀጠል ከዚያ በኋላ ያለው ንባብ ሁሉ በሁለት ሜትር ያበዛል። ስለዚህ ሽቦው በዓመት አንድ ጊዜ መሬት ላይ ተዘርግቶ ከብረት ሜትር ጋር ይመሳከራል።

ለእጅ ጉድጓድ ይህ ሁሉ አያስፈልግም። በብረት ሜትር ጫፍ ላይ የመጨረሻውን አንድ ሜትር ጠመኔ ቀብቶ ማውረድ ይበቃል። ለምሳሌ 15.00 ሜትር ላይ ሜትሩን ከነጥቡ ጋር ይዘው ሲያወጡት ጠመኔው እስከ 0.62 ድረስ ረጥቦ ቢገኝ ጥልቀቱ 14.38 ሜትር ነው። በመለኪያና በጉድጓድ መካከል በሽታ እንዳይተላለፍ ወደ ውሃው የሚገባው ክፍል ከእያንዳንዱ ጉድጓድ በፊት በበረኪና ውሃ ይታጠብና በንጹሕ ውሃ ይለቀለቃል። ለመለካትም ሆነ ለማጽዳት ሰው ወደ ጉድጓድ መውረድ የለበትም። በታች አየሩ ኦክስጅን ሊያጥረው ይችላል፤ የወደቀውን ለማውጣት የገባው ሁለተኛ ሰው አብሮ የሚሞትበት አደጋ የተለመደ ነው።

ስለ እጅ ጉድጓድ አንድ ነገር እንጨምር። ከላይ ተቀምጦ ውሃ የሚስበው ዲናሞ የሚሠራው በአየር ግፊት ነው። በባሕር ወለል አካባቢ የአየር ግፊት ውሃን እስከ 10.3 ሜትር ከፍ ሊያደርግ ይችላል፤ በ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ግን ግፊቱ ሳስቶ ይህ ወደ 7.8 ሜትር ይወርዳል። በቧንቧ ውስጥ የሚባክነው ሲቀነስ በተግባር የሚቀረው ከ5 እስከ 6 ሜትር ብቻ ነው። በመጋቢት የቆመው ዲናሞ በጳጉሜን ያለ ምንም ጥገና የሚሠራው፣ ተበላሽቶ ሳይሆን ውሃው ከዚህ መስመር በታች ወርዶበት ስለነበረ ነው። በካታሎግ ላይ የተጻፈው የመሳብ አቅም ብዙ ጊዜ ለባሕር ወለል የተሰላ ነው።

ቁጥሮቹ ሲገናኙ

በየወሩ የተጻፈው ስታቲክ በወረቀት ላይ ሲሳል የወቅቱን መልክ ይይዛል። ከኅዳር ጀምሮ ቀስ እያለ ይወርዳል፣ የበልግ ዝናብ ጥሩ ከሆነ ትንሽ ይቆማል፣ በግንቦትና በሰኔ ከታቹ ይደርሳል፣ ከክረምቱ ጋር ይነሳና በመስከረም ወይም በጥቅምት ከላይኛው ጫፍ ይደርሳል። ይህ የእጅ ጉድጓድ መልክ ነው። ጥልቅ ጉድጓድ ዝናቡ የሚደርሰው ዘግይቶና ለስልሶ ስለሆነ ጫፉ ወራት ሊዘገይ ይችላል። ስለዚህ የሚነጻጸረው ግንቦት ከግንቦት፣ ጥቅምት ከጥቅምት ነው። የጥቅምትን ልክ ከግንቦት ጋር አነጻጽሮ ውሃው ሸሸ ማለት ወቅቱን በድርቅ ስም መጥራት ነው። የጥቅምቱ ጫፍ ራሱ በየዓመቱ ዝቅ እያለ ከመጣ ግን ከሚገባው የሚወጣው በዝቷል፤ ይህን አንድ ግቢ ብቻውን አያስተካክለውም።

ከዚህ ቀጥሎ የፍሰት መጠን ይለካል። ሃያ ሊትር ጀሪካን በ8 ሴኮንድ ከሞላ ፍሰቱ በሴኮንድ 2.5 ሊትር ነው። ፍሰቱ ለዝቅታው ሲካፈል ጉድጓዱ በእያንዳንዱ ሜትር ዝቅታ ስንት ሊትር እንደሚሰጥ ይገኛል። ዝቅታው 10 ሜትር ቢሆን 0.25 ነው። በሚቀጥለው ዓመት በዚያው ፍሰትና በዚያው የሥራ ሰዓት ዝቅታው 20 ሜትር ከደረሰ 0.125 ይሆናል፤ የጉድጓዱ አቅም በግማሽ ወድቋል። እዚህ ላይ መጠንቀቅ የሚያስፈልገው የሥራ ሰዓቱን እኩል ማድረግ ነው። ፓምፑ በተነሳ በ10 ደቂቃ የተለካ ዳይናሚክ 4 ሰዓት ከሠራ በኋላ ከተለካው ጋር አይወዳደርም፤ ሁልጊዜ ለምሳሌ ሁለት ሰዓት ከሠራ በኋላ ብሎ መወሰን ይሻላል።

አሁን መጀመሪያ ወደተነሳንበት ጥያቄ መልስ አለ። ስታቲኩ እንዳለ ሆኖ ዳይናሚኩ በእኩል ፍሰት ከወረደ ችግሩ ጉድጓዱ ውስጥ ነው፤ ስክሪኑ በብረት ዝገት፣ በኖራ መሰል ክምችት ወይም በደለል ተደፍኗል። ጉድጓዱ በኮምፕሬሰር አየር ይታጠባል እንጂ ፓምፕ አይገዛም። እንዲያውም የበለጠ ጉልበት ያለው ፓምፕ ማስገባት ውሃውን በቶሎ ጎትቶ ፓምፑን በደረቁ እንዲሠራ ያደርገዋል። ስታቲኩ ራሱ ከወረደና ዝቅታው ካልተለወጠ የአካባቢው ውሃ ወርዷል፤ በጉድጓዱ ጥልቀት ቦታ ካለ ፓምፑን ዝቅ ማድረግ፣ ፍሰቱን መቀነስ፣ የሥራ ሰዓቱን መከፋፈል ነው ያለው አማራጭ። ስታቲኩ ሳይለወጥ ፍሰቱ ቀንሶ ዝቅታውም አብሮ ካነሰ ግን ያን ጊዜ ፓምፑን፣ ቧንቧውን ወይም የኤሌክትሪኩን ቮልቴጅ መጠርጠር ይገባል። ክሬን የሚጠራው ያን ጊዜ ነው።

በየሰዓቱ ራሱ ለክቶ የሚመዘግብ መሣሪያ፣ ዳታ ሎገር፣ መግዛት ለሚችሉ ፋብሪካዎችና የመኖሪያ ማኅበራት ማለፊያ ነው፤ ግን ብቻውን አይታመንም። ብዙዎቹ የሚለኩት ከላያቸው ያለውን የውሃና የአየር ግፊት በአንድ ላይ ነው። በአዲስ አበባ ከፍታ የአየሩ ድርሻ ብቻ ወደ 7.8 ሜትር የውሃ ቁመት ይሆናል፤ በቀን ውስጥም በጥቂት ሳንቲ ሜትር ይለዋወጣል። ስለዚህ አየሩን ብቻ የሚለካ ሁለተኛ መሣሪያ ከላይ ተሰቅሎ ይቀነሳል። በተጨማሪ የሎገሩ ገመድ ይረዝማል፣ መለኪያውም በጊዜ ብዛት ይዛባል፤ በየሦስት ወሩ በዲፕ ሜትር ማመሳከር የግድ ነው። የስልክ ጂፒኤስ ደግሞ የጉድጓዱን ቦታ ለመመዝገብ ይበቃል እንጂ ከፍታን በብዙ ሜትር ሊስት ስለሚችል የሁለት ጎረቤት ጉድጓዶችን ውሃ ከባሕር ወለል አንጻር ለማወዳደር አይሆንም።

ጥራቱ

ርካሽና ፈጣን የሆነው ምልክት ውሃው ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ ነው። ኪስ ውስጥ በምትገባ መሣሪያ በማይክሮ ሲመንስ ይነበባል፤ በውሃው ውስጥ የሟሟ ጨውና ማዕድን ሲበዛ ይጨምራል። ምን እንደገባ አይናገርም፤ አንድ ነገር መግባቱን ግን ቀድሞ ይናገራል። ሳያወላውል የቆየ ቁጥር በሁለት ሦስት ወር ውስጥ በሃያ ከመቶ ከዘለለ ለላቦራቶሪ ናሙና መውሰጃው ጊዜ ያ ነው። መሣሪያው በየልኬቱ ቀን በ1,413 ማይክሮ ሲመንስ መፈተሻ ፈሳሽ ይስተካከላል፤ ካልተስተካከለ የሚዘልለው ቁጥር የውሃው ሳይሆን የመሣሪያው ሊሆን ይችላል። የውሃው ሙቀትም አብሮ ይጻፋል።

በዳርቻው ካሉት ሰፈሮች አብዛኞቹ የፍሳሽ መስመር የላቸውም፤ የሽንት ቤት ጉድጓድና ሴፕቲክ ታንክ በየግቢው አለ። ስለዚህ ዋናው ሥጋት ከፍሳሽ የሚመጣ ናይትሬት የተባለ ጨውና ከሰገራ የሚመጣ ጀርም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለናይትሬት ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 50 ሚሊ ግራም ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ አንዳንድ ላቦራቶሪ ውጤቱን በናይትሬት ሳይሆን በውስጡ ባለው ናይትሮጅን ብቻ ይጽፈዋል። በናይትሮጅን 12 ተብሎ የተጻፈ ውጤት ከ50 በጣም ያነሰ ይመስላል፤ በ4.43 ሲባዛ ግን 53 ይሆንና ወሰኑን ያልፋል። ወረቀቱ በየትኛው እንደተጻፈ ሳይጠይቁ መተርጎም አይገባም። ናይትሬት የበዛበት ውሃ በጡጦ ለሚመገቡ ከስድስት ወር በታች ላሉ ሕፃናት አደገኛ ነው፤ ደማቸው ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል። ማፍላት አያስወግደውም፤ ውሃው ሲተን የቀረው ይባሱን ይጠነክራል። በረኪናም አይነካውም። እናቶች ለጥንቃቄ ብለው ደጋግመው የሚያፈሉት ውሃ በዚህ ረገድ ሊከፋ እንደሚችል በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በኩል በግልጽ መነገር ያለበት ነገር ነው።

ከሰገራ ለሚመጣው ጀርም፣ ለኢ ኮላይ፣ ወሰኑ ዜሮ ነው፤ በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ አንድም መገኘት የለበትም። ይህን ግን ማፍላት ይገድለዋል። በእኛ ከፍታ ውሃ ከ100 ዲግሪ ዝቅ ብሎ በ92 ወይም 93 ዲግሪ ቢፈላም ለዚህ ይበቃል።

ፍሎራይድ የስምጥ ሸለቆ ዋና ችግር ነው፤ ወሰኑ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን ሲበዛ ጥርስን ያበልዛል፣ እጅግ ሲበዛ አጥንትን ይጎዳል። በከተማው ዳርቻ በተለይ ውሃው ሞቅ ብሎ የሚወጣ ጥልቅ ጉድጓድ ቢያንስ አንድ ጊዜ ሊመረመርለት ይገባል። በቃሊቲና በአቃቂ በፋብሪካዎች አጠገብ ወይም በወንዝ ዳር ያለ ጉድጓድ ደግሞ ለክሮምየምና ለሌሎች ከባድ ብረቶች ይመረመር፤ የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ ክሮምየም ይይዛል፣ በወንዝ ዳር በኃይል የሚስብ ፓምፕም የወንዙን ውሃ ወደ ራሱ ይጎትታል። የውሃው ልክና ጥራቱ የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው፦ ስታቲኩ ከወንዙ ወለል በታች ከወረደ ወንዙ ወደ ጉድጓዱ መሄድ ይጀምራል።

ናሙና አወሳሰዱ ከምርመራው እኩል ይመዝናል። ከሮቶው ወይም ከወጥ ቤቱ ቧንቧ የተቀዳ ናሙና ስለ ሮቶው እንጂ ስለ ጉድጓዱ አይናገርም፤ ከጉድጓዱ አፍ አጠገብ ካለው ቧንቧ ይቀዳል። በኬሲንጉ ውስጥ ቆሞ ያደረው ውሃም መውጣት አለበት፤ የተለመደው በውስጡ ያለውን ሦስት እጥፍ ማውጣት ነው። ባለ 6 ኢንች ኬሲንግ፣ የውስጥ ስፋቱ 150 ሚሊ ሜትር ተብሎ ሲሰላ፣ በአንድ ሜትር 17.7 ሊትር ይይዛል። ጉድጓዱ 120 ሜትር ጥልቀት ኖሮት ውሃው በ60 ሜትር ላይ ቢሆን ውስጡ 1,060 ሊትር ያህል አለ፤ ሦስት እጥፉ ወደ 3,200 ሊትር ነው፤ በሴኮንድ 2.5 ሊትር ከ21 ደቂቃ በላይ መሮጥ አለበት ማለት ነው። ከዚያ በኋላም በየ5 ደቂቃው የሚለኩት ሙቀት፣ ፒኤች (የአሲድነቱ ልክ) እና የኤሌክትሪክ ማስተላለፍ ሦስት ጊዜ ተከታትለው ካልተለወጡ ነው የሚቀዳው።

ለጀርም ምርመራ የቧንቧው አፍ በእሳት ወይም በአልኮል ይጸዳል፣ ውሃው ሁለት ደቂቃ ይለቀቃል፣ ላቦራቶሪው በሰጠው የተቀቀለ ጠርሙስ ክዳኑ መሬት ሳይነካ ይቀዳል፤ ጠርሙሱ ጢም ብሎ አይሞላም። ውሃው ክሎሪን ከተጨመረበት በጠርሙሱ ውስጥ ክሎሪኑን የሚያጠፋ ሶዲየም ታዮሰልፌት መኖር አለበት፤ ከሌለ ክሎሪኑ በመንገድ ላይ ጀርሙን ገድሎ ውሃው ንጹሕ መስሎ ይመጣል። ናሙናው በረዶ ባለበት ሳጥን ሆኖ በ6 ሰዓት ውስጥ ቢደርስ ይመረጣል፣ ከ24 ሰዓት ግን አያልፍም። ስለዚህ አርብ ከሰዓት በኋላ መቅዳት ዋጋ የለውም። የፍሎራይድ ናሙና በፕላስቲክ እንጂ በብርጭቆ አይያዝም። ለከባድ ብረት የሚሆነው ተጣርቶ ናይትሪክ አሲድ ይጨመርበታል፤ ይህን ላቦራቶሪው ራሱ ቢያዘጋጀው ይሻላል።

ጊዜውን በተመለከተ፣ አቅም በዓመት ሁለት ምርመራ ብቻ ከፈቀደ አንዱ በሐምሌ መጀመሪያ፣ ሁለተኛው በየካቲት ይሁን። የሐምሌው ዝናቡ ይዞት የሚገባውን ጀርም ይይዛል፤ የየካቲቱ ዝናብ ሳያቀጥነው ያለውን ማዕድንና ናይትሬት ያሳያል።

ውጤቱ መጥፎ ሲሆን

ጀርም የተገኘበት የእጅ ጉድጓድ በክሎሪን ይታከማል። አንድ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ጉድጓድ በአንድ ሜትር ጥልቀት 785 ሊትር ይይዛል፤ 3 ሜትር ውሃ ካለው 2,360 ሊትር ያህል ነው። በሊትር 50 ሚሊ ግራም ክሎሪን እንዲኖረው 118 ግራም ያስፈልጋል፤ 5 ከመቶ ክሎሪን ባለው በረኪና ይህ ወደ 2.4 ሊትር ይሆናል። የበረኪናው ጥንካሬ ከመለያው ላይ ይነበብ፤ ፀሐይ ላይ የቆየ በረኪና ይደክማል። ሽታ የተቀላቀለበት አይሆንም፤ ከሌላ የጽዳት ኬሚካል ጋር መደባለቅ ደግሞ መርዛማ ጋዝ ያወጣል። ውሃው 24 ሰዓት ሳይነካ ይቆይና የክሎሪን ሽታው እስኪጠፋ ተቀድቶ ይደፋል፤ ወደ አትክልትም ወደ ወንዝም አይለቀቅም። ድጋሚ ምርመራ የሚደረገው ከሳምንት በኋላ ነው።

ጀርሙ ከተመለሰ ግን ክሎሪን መደጋገም ትርጉም የለውም፤ የሚገባበት በር አለ። ብዙ ጊዜ በሩ በኬሲንጉና በተቆፈረው መሬት መካከል ያለው ክፍተት ነው። የላይኛዎቹ ሜትሮች በሲሚንቶ ሙሌት ካልተዘጉ የጎርፍ ውሃ ኬሲንጉን ተከትሎ እስከ ታች ይሄዳል። የጉድጓዱ አፍ ከግቢው ወለል ዝቅ ብሎ በትንሽ ክፍል ውስጥ ከተቀበረም ክፍሉ በክረምት ኩሬ ይሆናል። አፉ ከመሬት ቢያንስ ግማሽ ሜትር ከፍ ይላል፣ ዙሪያው ወደ ውጭ በተዳፋ ኮንክሪት ይከበባል። ከሽንት ቤት 30 ሜትር ይራቅ የሚለው የተለመደ መመሪያ ለአፈር መሬት የተሻለ ነው፤ በስንጥቅ ዐለት ላይ 30 ሜትር ዋስትና አይደለም፣ በ200 ካሬ ግቢ ውስጥም አይገኝም። ቢያንስ ሽንት ቤቱ ከጉድጓዱ በተዳፋቱ ታችኛ ወገን ይሁን፣ ታንኩም ታቹ የተደፈነ ይሁን።

ናይትሬቱ ከወሰኑ ካለፈ ውሃው ለልብስና ለጽዳት ይቀጥላል፤ ለሕፃን ጡጦና ለመጠጥ ግን ሌላ ምንጭ ይፈለጋል። በቤት ውስጥ የሚያስወግደው ሪቨርስ ኦስሞሲስ የተባለው ማጣሪያ ነው፤ የሸክላና የከሰል ማጣሪያ አያስወግደውም።

በውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 መሠረት በእጅ ለሚቆፈር ጉድጓድ ፈቃድ አያስፈልግም፤ በማሽን የሚቆፈር ግን ፈቃድ ያሻዋል። ቆፋሪው ሲጨርስ የሚሰጠው ሪፖርት፣ የዐለቱ ቅደም ተከተል፣ ስክሪኑ የተቀመጠባቸው ጥልቀቶችና የፓምፕ ሙከራው ውጤት፣ ከቤቱ ካርታ ጋር መቀመጥ ያለበት ሰነድ ነው። የመጀመሪያው ስታቲክ እዚያ ላይ አለ፤ ከዚያ በኋላ የሚለካው ሁሉ ከእሱ ጋር ይወዳደራል።

አገልግሎት ያቆመ ጉድጓድ ባለበት ግቢ አንድ ከባድ ጥፋት ይፈጸማል፤ ጉድጓዱ ወደ ሽንት ቤት ወይም ወደ ቆሻሻ መጣያ ይለወጣል። ይህ ፍሳሹን ያለ ምንም የአፈር ማጣሪያ በቀጥታ ጎረቤት ወደሚጠጣው ውሃ መጨመር ነው። የማይፈለግ የእጅ ጉድጓድ እስከ ውሃው ወለል በንጹሕ ጠጠርና አሸዋ፣ ከዚያ በላይ በተጠቀጠቀ ሸክላ አፈር፣ አናቱ በኮንክሪት ይደፈናል። ጥልቅ ከሆነና ኬሲንጉ ጤነኛ ከሆነ ግን አለመድፈኑ ይሻላል። ፓምፕ የሌለበት ጉድጓድ ሁልጊዜ ዕረፍት ላይ ስለሆነ ለሰፈሩ ከሁሉ የተሻለ መለኪያ ነጥብ ነው። ክዳን ተበይዶለት ቁልፍ ይደረግበት፣ በጠርዙ ላይ ነጥቡ ይጫር፣ በየወሩ በአንድ ቀን ዲፕ ሜትር ይውረድበት።